ጣት ሳይነካው የሚጽፍ መኪና፤ ለአማርኛ ፊደል የሚጎድለው ምንድን ነው?

ዕቃውን ለማስፈተሽና ቀረጡን ለመክፈል ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ የሚመላለስ ነጋዴ ሁሉ ቂሊንጦን ቢያንስ በስም ያውቃታል። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፤ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው አቅጣጫ የምትገኘው ይህች ሥፍራ ቀድሞ የእርሻ አገር ነበረች። ዛሬ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚያው ነው፤ ለመድኃኒትና ለሕክምና ዕቃዎች ፋብሪካ እንዲሆን ታስቦ በዓለም ባንክ የገንዘብ ድጋፍ የተሠራውም የኢንዱስትሪ ፓርክ ጎረቤቱ ነው። አንደኛው የኮምፒዩተርንና የኤሌክትሪክን ምህንድስና ያስተምራል፤ ከልህቀት ማዕከሎቹም አንዱ የሰው ሠራሽ አስተውሎትና የሮቦት ጥናት ነው። ሁለተኛው ለበሽተኛና ለሐኪም የሚያስፈልገው ዕቃ በአገር ውስጥ እንዲመረት የተከለለ ነው። ከሁለቱም ሙያ የሚገናኝ አንድ ዕቃ በዓለም ገበያ ላይ እየበዛ ስለ ሄደ ነጋዴዎቻችን ጠባዩንና ጥቅሙን አስቀድመው ቢያውቁት መልካም ይሆናል።

ዕቃው ጣት ሳይነካው የሚጽፍ መሣሪያ ነው። እጁ የማይታዘዝለት፤ ምላሱም የማይፈታለት ሰው ራሱን በማዘንበል፤ ቅንድቡን በማንሣት፤ ዓይኑን በመጨፈን ወይም አንዲት ጣቱን ብቻ በማንቀሳቀስ ፊደል እየመረጠ ቃል ይጽፍበታል፤ የተጻፈውንም ቃል መሣሪያው በድምፅ ሊያነብለት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (በአውሮጳ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዘመናት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፤ ይኸውም ከመቶው 16 እጅ፤ ከባድ የአካል ጉዳት አለባቸው። ከነዚህ ውስጥ እንደዚህ ያለ መሣሪያ የሚያሻቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። በመኪና አደጋ አንገታቸው ላይ ያለው ኅብለ ሠረሠር የተጎዳ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የአንጎል ጉዳት ሰውነታቸውን እንዳያዝዙ ያደረጋቸው፤ ነርቭን በሚያደክም በሽታ የተያዙ፤ እንዲሁም ድንገተኛ የደም ሥር ሕመም አካላቸውን ያሰነፈባቸው ይገኙባቸዋል።

ይህ የመጨረሻው ሕመም ለንግድ ሰው እንግዳ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሱቁን በራሱ ቃልና በራሱ ፊርማ ያስተዳደረ ሰው አንድ ቀን ማለዳ አንደበቱና ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብለውት ሲገኝ፤ ዱቤ የሰጣቸውን ሰዎች፤ ያልከፈለውን ዕዳ፤ ለማን ምን እንደ ተስማማ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ሆኖ ሳለ፤ ነገሩ ሁሉ በዘመድ ግምት ይወድቃል። አእምሮው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሌላው ስለ እርሱ ይናገራል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ተዋዋዮች በገዛ እጃቸው እንዲፈርሙ፤ መጻፍ የማይችለውም በጣቱ አሻራ እንዲያጸድቅ ያዛል፤ የዓይነ ስውርና የማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማም በውል አዋዋይ፤ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ሕጉ እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ያደረገው በሰው ስም ሌላው እንዳይዋዋል ነው። አሻራውን ለማኖር እንኳ እጁን የሚያነሣለት ሌላ ሰው የሚያስፈልገው ነጋዴ ግን ፈቃዱን በራሱ ቃል የሚገልጥበት መንገድ ካላገኘ፤ ጥንቃቄው ሁሉ ግማሹን ብቻ ይጠብቀዋል። እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ሕመሙ ንግግርን የሚያቀናብረውን የአንጎል ክፍል ነክቶ እንደ ሆነ ሰውየው ፊደሉን ራሱን ሊስተው ስለሚችል፤ ማናቸውም የጽሕፈት መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት ሐኪም ማየት አለበት። አካሉ ደክሞ ቋንቋው ያልተነካበት ሰው ግን ለዚህ መሣሪያ ሁነኛ ተጠቃሚ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሬጅ ማሊንግ የተባሉ ሰው በ1960 ግድም ሰውነታቸው ለደረቀ ሕሙማን አንድ መሣሪያ አበጁ። ሕመምተኛው በአፉ በያዘው ቀጭን ቱቦ ትንፋሹን ሲስብና ሲነፋ መብራት ያበራ፤ ደወል ይደውል፤ የጽሕፈት መኪናም ይመታ ነበር። መሣሪያው «ፖሰም» ተባለ፤ ቃሉ በላቲን ቋንቋ «እችላለሁ» ማለት ነው። የፈረንሳዩ መጽሔት አዘጋጅ ዣን ዶሚኒክ ቦቢ ደግሞ በ1995 ሕመም ከጣላቸው በኋላ የቀረላቸው የግራ ዓይናቸው ሽፋሽፍት ብቻ ነበር። አንድ ሰው በፈረንሳይኛ ብዙ ጊዜ የሚያገለግሉትን ፊደላት እያስቀደመ ሲጠራላቸው፤ የፈለጉት ፊደል ሲደርስ ዓይናቸውን እየጨፈኑ አንድ መጽሐፍ ሙሉ አስጻፉ፤ በ1997 ታተመ። እዚያ መሣሪያ አልነበረም። ፊደሉን በብልሃት ማሰለፍ ብቻ በቂ ሆነ፤ ይህ ነጥብ ወደ አማርኛ ስንመለስ ዋናው ጉዳይ ይሆናል።

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ በ1985 ድምፃቸውን ካጡ በኋላ በመጀመሪያ በእጃቸው አንድ ቁልፍ እየተጫኑ፤ እጃቸው ሲደክም ደግሞ የጉንጫቸውን እንቅስቃሴ በመነጽራቸው ላይ የተተከለ የብርሃን መሣሪያ እያነበበላቸው እስከ ሞቱበት እስከ 2018 ድረስ ይጽፉና ያስተምሩ ነበር። የኢንቴል ኩባንያ ለእርሳቸው የሠራውን የጽሕፈት ፕሮግራም በ2015 ማንም ሰው በነጻ ወስዶ እንዲያሻሽለው ለቅቆታል።

የዛሬው ለውጥ የመጣው ከካሜራ ነው። ተራው የኮምፒዩተርና የስልክ ካሜራ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ 30 ያህል ሥዕል ያነሣል። ጉግል በ2019 ለሁሉ ክፍት ያደረገው ፕሮግራም ከእያንዳንዱ ሥዕል ላይ በእጅ መዳፍና ጣቶች 21 ነጥቦችን፤ በፊት ላይ ደግሞ 468 ነጥቦችን እየለየ ያሉበትን ቦታ ይመዘግባል። የላይኛው የዓይን ሽፋን ነጥብ ወደ ታችኛው ሲጠጋ «ጨፈነ» ይላል፤ የቅንድቡ ነጥብ ሲርቅ «አነሣ» ይላል። ስለዚህ ቀድሞ ልዩ ልዩ ሽቦና መነጽር ያስፈልግ የነበረው ሥራ ዛሬ በኪስ ስልክ ይሠራል። የአንድሮይድ ስልኮች ከ2021 ጀምሮ ፈገግታን፤ የአፍን መከፈትና የቅንድብን መነሣት እንደ ቁልፍ የሚቀበል መሣሪያ አላቸው፤ ማይክሮሶፍት በ2017፤ አፕል በ2024 ዓይንን እየተከተሉ የሚሠሩበትን ዘዴ በየራሳቸው ፕሮግራም ውስጥ አስገብተዋል። ለፕሮግራሞቹ ገዢው ተጨማሪ ዋጋ አይከፍልም። ለነጋዴው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ብዙ ደንበኞች የሚፈልጉትን ዕቃ ሳያውቁት በኪሳቸው ይዘውት ይሆናል።

ካሜራው የሰውየውን ምልክት አወቀ እንበል። ምልክቱ ግን «አዎን» ወይም «ይህን» ከማለት አያልፍም። ምን እንደሚመረጥ በፊቱ የሚያቀርብለት የፊደል ገበታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ገበታው በተራ ይበራል፤ መብራቱ ከሚፈለገው ፊደል ላይ ሲደርስ ሰውየው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ፊደሉም ይጻፋል። ለላቲን 26 ፊደል የተሠራውን ይህን ገበታ ወደ አማርኛ ሲያመጡት ነው ችግሩ የሚታየው።

የአማርኛ ፊደል ብዛት ለመኪና ሲያስቸግር ይህ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣልያን ወረራ በፊት የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲያዘጋጁ የገጠማቸው ይኸው ነበር፤ አርባ ከምናምን ቁልፍ ባለው መኪና ላይ ከሁለት መቶ በላይ ፊደላት ሊቀመጡ ስለማይችሉ የፊደሉን አካል ከድምፁ ምልክት ለይቶ በየተራ መምታት ግድ ሆነ። በኋላም በኦሊቬቲ መኪና ላይ የጻፈ ጸሐፊ ሁሉ ምልክቱ ከፊደሉ እግር ፈንጠር ብሎ ሲያርፍ ያየውን ያስታውሳል፤ መልኩ ባያምርም የመሥሪያ ቤቱንና የንግድ ቤቱን ደብዳቤ ለብዙ ዓመታት ያደረሰው እርሱ ነው። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ስላገኘ የመልኩ ችግር ተቃለለ። የብዛቱ ችግር ግን በጣቱ ለሚጽፈው ሰው ቀለለ እንጂ በቅንድቡ ለሚጽፈው አልቀለለም።

ሒሳቡን ማየት ይበጃል። 33ቱ የፊደል ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹን ሳንጨምር። መብራቱ በየሰኮንዱ አንድ ፊደል እያለፈ በተራ ቢሄድ አንድን ፊደል ለማግኘት በአማካይ 116 ሰኮንድ፤ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። «ሰላም» ለማለት ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እንዲህ ባለ ገበታ ፊት ለአንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ሰላምታውን ሰጥቶ ጉዳዩን ሳይጀምር ይደክመዋል። ገበታው ግን መጀመሪያ ቤቱን፤ ቀጥሎ የድምፁን ተራ እንዲያስመርጥ ቢደረግ፤ ለቤቱ 17፤ ለድምፁ 4፤ በድምሩ 21 ሰኮንድ ይበቃል። 33ቱ ቤቶች ደግሞ በስድስት ረድፍ ተከፍለው መጀመሪያ ረድፉ፤ ቀጥሎ ቤቱ፤ በመጨረሻ ድምፁ ቢመረጥ አማካዩ ወደ 11 ሰኮንድ ይወርዳል። «ሰላም» በ33 ሰኮንድ ተጻፈ።

ላቲኑስ? 26ቱን ፊደላት በአምስት ረድፍ ከፍሎ በዚሁ ዘዴ የሚመርጥ ሰው ለአንድ ፊደል 6 ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ነገር ግን ይኸንኑ ቃል በላቲን ለመጻፍ ሦስት ሳይሆን አምስት ፊደል ያስፈልገዋልና 30 ሰኮንድ ይወስድበታል። ልዩነቱ ሦስት ሰኮንድ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት ስለሚይዝ በብዛቱ የሚያስከፍለውን በአጭርነቱ ይመልሳል። ስለዚህ «ፊደላችን ለመኪና አይመችም» የሚለው የቆየ ወሬ እዚህ ላይ አይሠራም፤ የማይመቸው ለሌላ ፊደል የተሠራውን ገበታ እንዳለ ማምጣት ነው።

ከዚህም በታች መውረድ ይቻላል። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ሳድሱ ከሁሉ ይልቅ ስለሚመላለስ ከድምፆቹ ተራ በስድስተኛው ቦታ ፈንታ በመጀመሪያው ቢቀመጥ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ቤቶቹም በ«ሀ ሁ» ተራ ከመሄድ ይልቅ እንደ አገልግሎታቸው ብዛት ቢሰለፉ፤ ቦቢ በፈረንሳይኛ እንዳደረጉት ማለት ነው፤ ጊዜው ያጥራል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሰ እና ሠ የመሳሰሉት ሞክሼ ፊደላት ከፊት አንዳቸው ብቻ ቢቀመጡና የቀሩት ወደ ኋላ ቢሄዱ፤ የፊደል ሊቃውንት ቅር ቢላቸውም፤ በዓይኑ ሽፋሽፍት ለሚጽፍ ሰው ይፈቀድለታል ብሎ ማሰብ ከባድ አይደለም። አስቸጋሪው ቃልን አስቀድሞ የመገመት ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለትና ሦስት ፊደል ሲጻፍ መሣሪያው የቀረውን ቃል ያቀርባል። በአማርኛ ግን «ነገረ» ከሚለው አንድ ግስ «ነገረኝ»፣ «አልነገረኝም»፣ «እንዳልነገረኝ»፣ «ስላልነገረኝ» እያለ ቃሉ ከፊትም ከኋላም ስለሚያድግ የቃላትን ዝርዝር መሙላት ብቻ አያደርስም፤ የሰዋስውን ሕግ ለመኪናው ማስተማር ይጠይቃል። ይህን ሊሠራ የሚችለው ቋንቋውን የሚናገር መሐንዲስ ነው፤ ከውጭ አገር በካርቶን ተጭኖ አይመጣም።

የሚገርመው ግን የፊደላችንን መልክ አስቀድመው የተረዱት መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን መሆናቸው ነው። በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ውስጥ በሚሠራበት የጣት ፊደል የእጁ ቅርጽ የፊደሉን ቤት ያመለክታል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ አነቃነቅ ይለያሉ። አንድ ቅርጽና አንድ እንቅስቃሴ፤ አንድ ፊደል። ስለዚህ እጅን በካሜራ የሚያነብ መሣሪያ ለአማርኛ 231 ልዩ ልዩ ምልክት ማጥናት የለበትም፤ 33 ቅርጽና 7 እንቅስቃሴ፤ በጠቅላላው 40 ነገር ብቻ ማወቅ ይበቃዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት ተማሪዎች ይህንኑ የጣት ፊደል መኪና እንዲለየው ለማድረግ የማስተርስ ጥናቶች አቅርበውበታል።

እዚህ ላይ ግን ነጋዴው ሁለት ደንበኞችን እንዳያምታታ ያስፈልጋል። መስማት የተሳነው ሰው እጁ ጤነኛ ነው፤ መጻፍ ቢፈልግ በስልኩ ላይ እንደ ማንኛውም ሰው በጣቱ ይጽፋል። የጣት ፊደልም ስምንና እንግዳ ቃልን ለመፊደል የሚያገለግል የቋንቋው ክፍል እንጂ ቋንቋው ራሱ አይደለም፤ የምልክት ቋንቋ በእጅ፤ በፊትና በሰውነት ሁኔታ የሚነገር የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። በ2016 በአሜሪካን አገር በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ምልክትን ወደ ንግግር ይለውጣል የተባለ ጓንት ሠርተው ሽልማት ሲያገኙ፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎችና የቋንቋው ምሁራን ጓንቱ የፊትን ሁኔታና ሰዋስውን የማያነብ፤ ሳይጠየቁ የተሠራላቸው ነገር ነው ብለው ነቅፈውታል። እንዲህ ያለ ጓንት በየጊዜው በልዩ ልዩ ስም ገበያ ላይ ይወጣል። ከላኪው ኩባንያ የመጣው ሥዕላዊ ማስታወቂያ የቱንም ያህል ቢያምር፤ የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በሚናገሩ ሰዎች ፊት ሳይፈተን ማዘዝ ገንዘብን መጣል ነው።

እንግዲህ ምን ይታዘዝ? በቅድሚያ ጥቃቅኑ ዕቃ። ስልክን ከተሽከርካሪ ወንበርና ከአልጋ ጋር አጥብቆ የሚይዝ ክንድ፤ በጉንጭ፤ በክርን ወይም በእግር የሚነካ ትልቅ ቁልፍ፤ ጥራት ያለው ተራ የኮምፒዩተር ካሜራ፤ ድምፅ ማጉያ፤ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ። ብዙ ሰው ስልኩ ይችለው የነበረውን ሥራ ያላገኘው የሚያቆምበት ክንድ በማጣት ነው፤ ስልኩ ጥቂት ሲዘነብል ካሜራው ፊቱን ይስተዋልና። ዓይንን ብቻ ለመከተል የተሠሩትና ድምፅ የሚያወጡት ልዩ ኮምፒዩተሮች ዋጋቸው በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ስለ ሆነ፤ በተለይም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በመጋዘን ማከማቸት አይመከርም፤ ሐኪም ላዘዘለት ሰው ተለክቶ አንድ በአንድ የሚመጣ ዕቃ ነው። ከሻጩም ዘንድ አስቀድሞ በጽሕፈት ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። የዩኒኮድን የኢትዮጵያ ፊደል ይቀበላል ወይ? የፊደሉን ገበታ ገዢው ራሱ ሊለውጠው ይችላል ወይ? ድምፁ አማርኛ ያነባል ወይ? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ? ከአራቱ በሁለተኛው ላይ «አይቻልም» የሚል መልስ ከመጣ ዕቃው ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ እንጂ ለአማርኛ ጸሐፊ አይሆንም።

የቀረጡ ነገር ጥንቃቄ ይሻል። በዓለም አቀፉ የታሪፍ መደብ ተሽከርካሪ ወንበር በ87.13 ይገባል፤ የአካልን ጉድለት ለማካካስ በሰውነት ላይ የሚለበስ፤ የሚያዝ ወይም በውስጥ የሚተከል መሣሪያ በ90.21 ይመደባል፤ የኮምፒዩተር ማስገቢያ መሣሪያ ደግሞ በ84.71 ነው። በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዓይንን የሚከታተል መሣሪያ ለአካል ጉዳተኛ ቢሠራም በሰውነት ላይ ስለማይለበስ አስመጪው በ90.21 ይስተናገዳል ብሎ ዋጋውን ቢያሰላ ቃሊቲ ሲደርስ ሒሳቡ ሊፋለስበት ይችላል። ዕቃው ከመጫኑ በፊት መግለጫውንና ሥዕሉን አያይዞ ጉምሩክን መጠየቅ ከመጋዘን ኪራይ ይረክሳል።

ወደ ውጭ ለሚልኩትም ቢሆን ነገሩ ባዶ አይደለም። በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው አማርኛ ብቻ አይደለምና፤ ትግርኛም አለ፤ በውጭ አገር የሚኖረውም ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ በዋሽንግተን ሆስፒታል የተኛ አዛውንት በእንግሊዝኛ ገበታ ላይ «ውኃ» ለማለት የሚቸገረው እዚህ እንዳለው ወንድሙ ነው። በሚገባ የተሠራ የግዕዝ ገበታ መርከብም የጅቡቲ ወደብ ኪራይም የማያስፈልገው ዕቃ ነው።

ባለ ሱቁም የራሱ ድርሻ አለው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ሥራውንና የሥራ መሣሪያውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። ሒሳብ ለሚይዝ፤ ዕቃ ለሚመዘግብ ሠራተኛ ቁጥሩ ከ0 እስከ 9 አሥር ምልክት ብቻ ስለ ሆነ፤ የዕቃዎቹም ስም አስቀድሞ በገበታው ላይ ሊሞላ ስለሚችል፤ ከደብዳቤ ጽሕፈት ይልቅ በዚህ ዘዴ ፈጥኖ የሚሠራው የሱቅ መዝገብ ነው። በመሣሪያ የሚናገር ደንበኛ ሲመጣም የሚጠየቀው ትዕግሥት ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የሚቀድመው፤ ወይም እርሱን ትቶ ከአጃቢው ጋር የሚዋዋል ሻጭ መሣሪያው የመለሰለትን ቃል መልሶ ይነጥቀዋል። ስለ ፊርማውም ቢሆን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010ና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚሰጥ ፈቃድ በሕግ ፊት ቦታ ስለ ሰጡ፤ እጁን ማንሣት የማይችል ነጋዴ ከባንኩና ከጠበቃው ጋር የሚነጋገርበት መነሻ አለው።

የቀረው የገበታው ሥራ ነው፤ ይህም ወደ ቂሊንጦ ይመልሰናል። በአገራችን የምህንድስና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት በድርጅቶች ውስጥ ወጥተው የሚለማመዱበት ጊዜ አላቸው፤ በመጨረሻውም ዓመት የመመረቂያ ሥራ ያቀርባሉ። ብዙ ጊዜ የሚሄዱት ወደ ፋብሪካና ወደ ኮንስትራክሽን ነው፤ የንግድ ቤቶች እምብዛም አይጠይቋቸውም። ካሜራና ክንድ አስመጥቶ ለመሸጥ ያሰበ አንድ የንግድ ቤት ሁለት የሶፍትዌር ተማሪዎችን ለልምምድ ተቀብሎ፤ ለደንበኛው እንደ ሰውነቱ ሁኔታ መብራቱ የሚቆይበትን ጊዜ፤ የፊደሉን አሰላለፍና ዝግጁ የሆኑትን ቃላት የሚያስተካክል የአማርኛ ገበታ ቢያሠራ፤ ከዕቃው ትርፍ የበለጠ የሚያስገኝለት የማስተካከሉና የማለማመዱ አገልግሎት ይሆናል። ጥያቄውም በንግድ ቤቱ ማኅተም ተጽፎ፤ የሚፈለገው ሥራና የሚቆይበት ወር ተገልጦ፤ ለዩኒቨርሲቲው የኢንዱስትሪ ትስስር ክፍል ይቀርባል።